ስፖኪዮ ታቅፎ ባህር ማቋረጥ

መኪናውን አቁሞ ዞር ማለት የሚያስጨንቀው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ወሎ ሰፈር ሞልቷል። አጎቴ ጋሽ መኮንን ግን የሁሉም አለቃ ናቸው።

አምና ግሪክ ያለችውን ልጃቸውን ልንጠይቅ ሄድን። መንገድ መሪው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይችላል? ከደሴት ደሴት የምታሻግር መርከብ እኛንም እዚያው የተከራየናትን መኪናም ዋጠችን። ሠራተኛው «መኪናውን ትታችሁ ፎቅ ውጡ» አለን በምልክት።

«ጠባቂው ማነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዙሪያው ባህር ነው። ሌባው በዋና ይመጣል?»

አልሰሙኝም። የስፖኪዮውን መስታወቶች ግራና ቀኝ ነቅለው፣ ታቅፈው ወጡ። ቱሪስቱ ባህር ያያል፣ እሳቸው መስታወት ውስጥ ራሳቸውን።

ስንደርስ መኪናችን የምትወጣው ለካ በኋላ ማርሽ ነው፤ ኋላ ማሳያዎቹ ደግሞ እቅፋቸው ውስጥ። ልጃቸው ወደቡ ላይ ቆማ እጇን ታውለበልባለች፣ መርከቧ ወደ ሌላ ደሴት ልትነሳ ነው፣ ከየአቅጣጫው ክላክስ።

«ይዛን ልትሄድ ነው እኮ!» አሉ ጋሼ፣ በላብ ተጠምቀው።

ወርጄ «ይምጡ፣ ይምጡ፣ ግራ ይስበሩ» እያልኩ አወጣኋቸው።

ልጃቸው መስታወቶቹን ስታይ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅኩ። ሰው እንዴት እንዲህ ፋራ ይሆናል? እኔ እንኳን ይዤ የወጣሁት ዝናብ መጥረጊያውን ብቻ ነው።