የመርጫው ቁልፍ

እናንተን አላውቅም እንጂ፣ እኔ ከመሳሳት ይልቅ ቀድሞ ትክክል መሆን የበለጠ ያስቀጣል ባይ ነኝ። የተሳሳተ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይታለፋል። ቀድሞ ያወቀን ግን ማንም ይቅር አይለውም።

ዲግሪዬን ይዤ ደብረ ማርቆስ አካባቢ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት የተቀጠርሁ ሰሞን ስድስት ገጽ ጽሑፍ አቀረብሁ። ነገሩ ቀላል ነበር። ገበሬው ፀረ አረም የሚረጨው ጧት፣ ንብ አበባ ላይ በተሰማራችበት ሰዓት ነው፤ ማታ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ይርጭ፣ በማሳው ዳር ያለውንም አበባ ይተውላት አልሁ። አለቃዬ ጋሽ ሙሉነህ አነበቡና፣ «ለንብ ሰዓት እንግዛላት?» አሉ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርሁ። ዘጠኝ ዓመት አካፋና ጆንያ ሳስረክብ ኖርሁ።

ጋሽ ሙሉነህ ጡረታ ወጥተው፣ ከሮብ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን ንብ ማነብ ያዙ። አምና ነሐሴ ላይ ከሰባት ቀፏቸው ስድስቱ ጭጭ አለ። ባርኔጣቸውን እንደ ሳህን ይዘው ደጄ ቆሙ፤ ውስጡ የሞተ ንብ ሞልቶታል።

«ያ ወረቀትህ አለ? የቀረችኝን አንዷን ቀፎ እንኳ አትርፍልኝ።»

አለ እንጂ። ሰው ቁስሉን የት ይጥላል?

እሑድ እድሩ ፊት አነበብሁት። ጎረቤቴ አያ ደመላሽ፣ «ቀኑን ሙሉ ለፍተን ማታ ደግሞ ለንብ እንደር?» አሉ።

«አምና ባቄላዎ በአበባ ተሸፍኖ ምነው ፍሬ አጣ፣ አያ?»

«የእኔም አጥቷል» አለ አንዱ ከኋላ፤ «የእኔም» አለ ሌላው። መንደሩ ያለው መርጫ አንድ ነው፤ እሱም የእድሩ ነው፤ ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር በአንድ ቤት ይቆለፍበታል። በመጨረሻ አያ ደመላሽ፣ «እንግዲያው ቁልፉን ለእሱ ስጡት፤ ግምጃ ቤት እንደሱ የሚያውቅ የለም» አሉ። በቅጣት የተማርሁት ሙያ በጭብጨባ ሹመት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሳትጠልቅ መርጫ የነካ የለም። ባቄላው እንደ ድሮው አፈራ፤ የጋሽ ሙሉነህ አንድ ቀፎ ሦስት ሆነ።

ዘንድሮ ሐምሌ፣ በጧት መርጫ ፍለጋ ደጄን ያንኳኳው የመጀመሪያ ሰው ማን ይመስላችኋል? ጋሽ ሙሉነህ። ስንዴያቸውን አረም ውጦታል።

«ለጓሮዋ ቁራሽ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

«ንቦችዎ ሥራ ላይ ናቸው፣ ጋሼ። ማታ ይምጡ።»

መጡ፤ ያውም ቀደም ብለው። ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔም ቁልፉን ኪሴ ከትቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ለንብ የተገዛው ሰዓት ይኸውላችሁ።