ጨዋ ስንት ሳንቲ ነው?

ምስጋና ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ደስ ያሰኛል፣ ሌላው እንቅልፍ ይነሳል። ሁለተኛውን የሚያድል ሰው የሌለበት ሰፈር ደግሞ የለም። ያመሰግንሻል፣ ፈገግ ትያለሽ፣ ቤትሽ ስትደርሺ "ቆይ፣ ምን ማለቱ ነው?" ብለሽ ትቀመጫለሽ። በእኛ ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት ልብስ ሰፊያችን እትዬ ሜትር ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም። ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ስሙም አብሮ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እትዬ ሜትር ለሴት ልብስ ከ"ጨዋ" የሚበልጥ ማዕረግ አያውቁም። ሰፍተው ሲጨርሱ ያስለብሱሻል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ በከንፈራቸው የነከሷቸውን ስፒሎች ወደ አንድ ጥግ ይገፋሉ፣ ከዚያ "እሰይ! ይሄ ነው ጨዋ ልብስ!" ይላሉ። ከዚህ በኋላ ይግባኝ የለም።

እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያሉኝ ቀን ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መንገዱን ሳጋምስ ግራ ገባኝ። ይሄኛው ጨዋ ከሆነ ለብሼው የመጣሁት ምን ነበር? ዓይኔን ሳላሽ ተመልሼ ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ ያኛው ቀሚሴ ባለጌ ነው ማለት ነው?"

"ምን ቆርጦኝ! እኔ ስለ ሰው አላወራም፤ የማወራው ስለ ጨርቅ ነው።"

"ጨርቅ ጨዋ ይሆናል እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ። እጅሽን አንሺ።"

እጄን አነሳሁ። እትዬ ሜትር ክርክር ሲጠብባቸው ብብት ይለካሉ።

"ስለ ጨርቅ ነው የማወራው" የምትለዋን ቃላቸውን ያልሰማ ደንበኛ የለም። ጎረቤታችን ነርሷ ጉልበቷን ስለሚቆረጥማት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ አሰፋች። "ጨዋ!" ተባለላት። "ኧረ እትዬ፣ ቁርጥማት ነው" አለች። "ቢሆንም" አሏት። ጡረታ የወጡት አስተማሪ ደግሞ እጅጌ የሌለው ቀሚስ አዘዙ። እትዬ ሜትር ሊያስደስቷቸው ብለው "እርስዎማ በዚህ ዕድሜ ምን ቢለብሱ ጨዋ ነው" አሏቸው። ሴትዮዋ ጨርቃቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ወር ሙሉ ሰላምታም አልሰጧቸው። "አመሰገንኳቸው እንጂ ምን አልኳቸው?" ይላሉ እትዬ ሜትር እስከ ዛሬ፣ ከልባቸው ተገርመው።

አንድ ጊዜ ደግሞ "የወንድ ሱሪ ጨዋ ብለው ያውቃሉ?" አልኳቸው። የስፌት መኪናውን አቆሙ።

"የወንድ ልብስ እኮ ወይ ይሆነዋል፣ ወይ አይሆነውም" አሉና ፔዳሉን መልሰው ረገጡት። እኔ ሳይገባኝ ቀረ፤ እሳቸውም የገባቸው አልመሰለኝም።

እንዲህ ስንስቅ ቆይተን ሳቁን ያቆመው አንድ ደብዳቤ ነው።

እኔ የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ደብዳቤ ሁሉ በእጄ አልፎ ነው ፋይል ውስጥ የሚገባው። ቁመቴ ከበር እጀታ ብዙም አይርቅም። እንግዳ ተቀባያችን ግን ከጠረጴዛዋ ስትነሳ እንግዳው ቀና ብሎ ነው የሚያያት፤ ስለዚህ ሸምበቆ እንላታለን። እኔና ሸምበቆ ከአንድ ጣቃ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አስቆርጠን ለእትዬ ሜትር ወሰድን። "አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንዲት ሳንቲ እንዳይበላለጥ" ብለን ድርቅ አልን። "ቁመታችሁ እኮ የሰማይና የምድር ነው" አሉን። አልሰማንም። የልጅ ነገር ነው፤ ሁለታችንም ልጆች ባንሆንም።

ልብሱ ሲደርስ ለእኔ አንድ ስንዝር ያህል ከጉልበቴ በታች ወረደልኝ። ሸምበቆን ግን ጉልበቷ ላይ ቀረባት። ለብሰን ሥራ በገባን ቀን ክቡር የሰው ሀብት ኃላፊያችን ኮሪደር ላይ አገኙኝና "እንዲህ ነው እንጂ ጨዋ አለባበስ!" ብለው አለፉ። በሦስተኛው ቀን በሸምበቆ ስም የወጣ ማስጠንቀቂያ ፋይል እንዳደርገው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። "ጨዋነት የጎደላት ሆና በመገኘቷ" ይላል። ከታች ደግሞ፣ ነገሩ ከተደገመ ከሥራ እንደምትሰናበት። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ ያንን ወንበር ያገኘችው ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታ ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጨርቅ፣ አንድ መቀስ፣ አንድ ሰፊ። እኔን ጨዋ፣ እሷን ጋጠ ወጥ ያደረጋት ምኑ ነው?

ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ ሸምበቆ ቀሚሷን ይዛ እትዬ ሜትር ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እትዬ ሜትር በእያንዳንዱ ቀሚስ ጫፍ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ያስቀምጣሉ፣ "ሰው ሐሳቡን ይለውጣል" እያሉ።

"ይልቀቁልኝ እትዬ" አለቻቸው።

"ይኸው! ጨዋ እናደርገዋለን!" ብለው መቀሱን አነሱ፣ ደስ ብሏቸው።

ሸምበቆ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች። "መጀመሪያም እኮ ለእሷ 'ጨዋ' ብለው ለእኔ 'ያምራል' ነው ያሉኝ። ያኔም ገብቶኛል።"

መቀሱ እጥፋቱ ላይ ደርሶ ቆመ። እትዬ ሜትር ከአፋቸው ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጡ። በሕይወቴ ያለ ስፒል ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ አፋቸው ባዶ ሲሆን ሌላ ሰው መሰሉኝ።

"እኔ ስለ ጨርቅ..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

በማግስቱ ሳይጠሩ ቢሯችን ከች አሉ። ሜትሩ አንገታቸው ላይ፣ ሁለቱም ቀሚሶች በፌስታል፤ የእኔንም በማለዳ ሰው ልከው ከቤቴ አስመጥተውት ነበር። ኃላፊው በጨዋ ደንብ ተቀበሏቸው፤ ወንበር ሰጧቸው። እኔና ሸምበቆም ተከትለን ገብተን በሩ አጠገብ ቆምን፤ እኔ መዝገብ እንዳቀፍኩ።

"እማማ፣ ይሄ ማስጠንቀቂያ በሰው ጠባይ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም" አሏቸው። "ዝም ብሎ ስለ ልብሱ ነው።"

"ታዲያስ!" አሉ እትዬ ሜትር ብድግ ብለው። "እኔም ዕድሜ ልኬን የምለው ይሄንኑ ነው! ስለ ጨርቅ ነው!"

ሸምበቆ አየችኝ። ምስክራችን ከድተውናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እንግዲያው እንለካው" አሉና ሁለቱን ቀሚሶች ጠረጴዛው ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ዘረጉ፣ የኃላፊውን ማህተም ወደ ዳር ገፍተው። ጫፍ ለጫፍ ገጠሙ። "ዘጠና ስምንት። ይሄም ዘጠና ስምንት። ጨዋ ስንት ሳንቲ ነው የኔ ጌታ? ይንገሩኝና ለሰፈሩ ሁሉ በዚያ እሰፋለሁ።"

"በሳንቲ እንኳ አይባልም እማማ። ሲታይ ይታወቃል።"

"ሲታይ?" አሉ እትዬ ሜትር። ዓይናቸው የሠራተኛ ዓይን ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። የኃላፊው ሸሚዝ ላይ አረፈ። ሆዳቸው አካባቢ ሁለት ቁልፎች ተላቀው ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል።

"ይሄስ?" አሉ በጣታቸው።

ኃላፊው በክራባታቸው ሸፈኑት። "አጠባ ነው እማማ። ሲታጠብ ገባብኝ።"

"አዎ፣ ሲታጠብ ይገባል" አሉ እትዬ ሜትር፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ እንደ ባለሙያ። ከዚያ ግንባራቸው ቋጠር አለ። "የእርስዎ ሲያጥር ጥፋቱ የሳሙና። የእሷ ሲያጥር ግን የጠባይ። እንዴት ነው ነገሩ? እኔ ጠፋብኝ።"

የጠፋባቸው እሳቸው ብቻ አልነበሩም። እኔም መዝገቡን እንዳቀፍኩ ቆሜያለሁ፤ ኃላፊውም ክራባታቸውን ይዘው።

"በቃ አራት ጣት ይልቀቁላትና ነገሩ ይለቅ" አሉ ኃላፊው በመጨረሻ።

"ጨርቅ ከጎደለ እቀጥላለሁ፤ ሥራዬ ነው" አሉ እትዬ ሜትር። "እናንተ የጻፋችሁት ግን ጨርቋ ጎደለ አይልም። እሷ ጎደላት ነው የሚለው። እሱን በምን ጨርቅ ልቀጥለው? ይህቺ ልጅ ቤቴ መጥታ አልቅሳለች። እኔም ስል የኖርኩት ይሄንኑ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።"

ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተሻረ። ከፋይሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። በሳምንቱ "ሠራተኞች ተገቢ አለባበስ ይኑራቸው" የሚል አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተገቢ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ኃላፊውም ሲጠየቁ ክራባታቸውን ይነካሉ።

እትዬ ሜትር ግን ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ተዉ። ሰው ልብሱን ለብሶ ዞር ሲል ስፒሎቹን ወደ ጥግ ይገፋሉ፣ "ጨ..." ይሉና ይውጡታል። "ረጅም ነው" ይላሉ። ወይም "ይሞቃል"። ነርሷ "ይሞቃል" ተብላ እየከፋት ወጣች። እኔም፣ ያ ሁሉ ዓመት የተነጫነጭኩት እኔ፣ ባለፈው ቅዳሜ መሬት የሚጠርግ ጉርድ አሰፍቼ ፊታቸው ሦስት ጊዜ ዞርኩ።

"እንዴት ነው እትዬ?"

"ልክሽ ነው።"

"ልክሽ ነው ብቻ?"

"ምን ልበል ታዲያ? ተይኝ፣ ፈርቻለሁ።"

አንጀቴን በሉት። እንዲህ ቆመን ሳለን ሸምበቆ ገባች፣ ያቺኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ያልተለቀቀችውን፣ ጉልበቷ ላይ። የሙከራ ጊዜዋ አልቆ ቋሚ መሆኗን ለመንገር ነው የመጣችው። ከእኔም ከእናቷም በፊት እሳቸው ይስሙ ብላ በቀጥታ ከሥራ መጥታለች። ወሬዋን ተናግራ ሳትጨርስ ጎንበስ ብላ መሬት የተበተነውን ስፒል ትለቅምላቸው ጀመር፤ ወገባቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለች።

እትዬ ሜትር ቁልቁል አዩዋት። ቀሚሷን አይደለም ያዩት፤ ይህን እምላለሁ።

"ጨዋ" አሉ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ውይ! አልኩት እንዴ? ይቅር በይኝ ልጄ! ስለ ጨርቁ አይደለም! ስለ ሰው ነው! አይ፣ እሱስ አይብስም?"

ሸምበቆ ስፒሎቹን በመዳፏ እንደያዘች ሳቀች፣ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እሳቸውም አለቀሱ።

ፍርድ ይሁን ምስጋና እኔ እስካሁን አልገባኝም። መሬት የሚጠርግ ጉርዴን ለብሼ ጥግ ቆሜ ነበር፤ ማንም ምንም አላለኝም፤ ቅናት አንጨረጨረኝ።