ሲሚንቶ የሚያዝዙት ጋሽ ታደሰ

ለሁሉም ችግር ሲሚንቶ የሚያዝዝ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አፈር ለማግኘት ምርምር ያስፈልጋል።

ልባቸውን ከታከሙ ወዲህ በየጠዋቱ በምንኖርባት በሄይዋርድ ከተማ የባሕር ዳርቻ ዎክ ያደርጋሉ። ማዕበሉ ግን መንገዱን እየበላባቸው ነው። እኛ የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ዳርቻው እንዳይሸረሸር ረግረጉ ላይ ሣር ስንተክል አዩንና፣ "ስሚ የኔ ልጅ፣ ባሕር በሣር ይታጠራል? ዎል ነው የሚያስፈልገው፣ የሲሚንቶ ግንብ!" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሣሩ የማዕበሉን ጉልበት ይቀንሳል ብለው ነው ያስተማሩን።"

"ተማሩ! ውሃው ከፍ በሚልበት ቀን ኑና የሣራችሁን ቀብር እዩ።"

ቀኑ ደረሰ። መጀመሪያ ከአሮጌው የኮንክሪት ግንብ አጠገብ ቆምን። ማዕበሉ ግንቡን በጥፊ መታና ከሥሩ አፈር ይዞ ተመለሰ። ጋሽ ታደሰ ከነኮፍያቸው በሰበሱ። ከዚያም ባለፉት ዓመታት የነበሩ ተማሪዎች ወደ ተከሉት ሣር አለፍን። ያው ማዕበል እያገሳ መጥቶ ሣሩ ውስጥ ገባ። ሣሩ አጎነበሰ። ማዕበሉ እየለዘበ፣ እየለዘበ ሄዶ እግራችን ሥር ሲደርስ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ያመጣውን ደለል ሁሉ ለሣሩ ትቶለታል።

ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው ሣሩን ይዳስሱ ጀመር። መሐንዲስ ሣር ሲመረምር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

"ማነው ይህን ዲዛይን ያደረገው?" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

እኔም አፌን ከፍቼ ውሃውን እያየሁ ነበር።

"እኔ በምሄድበት በኩል" አሉ ኮፍያቸውን እየጨመቁ፣ "ነገ መትከል ብንጀምር ምን ይመስልሻል?"