አምስተኛው ቃል

ይህን ጭውውት ሳልጽፈው ልቀር ነበር፤ በሰው ሕመም የቀለድኩ ይመስልብኛል ብዬ ፈርቼ።

[ገርጂ፣ የአንድ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ። ረታ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የክሬን ኦፕሬተር ነበር፤ መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነው። ወደ ክሬኑ የሚመለሰው የዛሬውን የአእምሮ ፈተና ካለፈ ብቻ ነው። ፈታኙ ኢዮስያስ ለልምምድ የመጣ ተማሪ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም።]

ኢዮስያስ፦ [የእንስሳ ሥዕል ያለበት የፈተና ወረቀት ይዞ] በሬ ነው አልኩዎት፣ ጋሽ ረታ!

ረታ፦ አውራሪስ ነው፣ ዶክተር። አፍንጫው ላይ ቀንድ የበቀለበት በሬ የት አየህ?

ኢዮስያስ፦ [ሥዕሉን ፊቱ ድረስ አስጠግቶ] ማተሚያው ቀለም ጨርሶ ነው እንጂ በሬ ነው። [ይጽፋል] «መጠጥ ዕይታውን አዛብቶታል።»

ረታ፦ ኧረ አትጻፈው! በዚህ ወረቀት እኮ ነው እንጀራዬ!

ኢዮስያስ፦ ሳይንስ አያዳላም። እጅዎስ ለምን ይንቀጠቀጣል? መጠጡ ነው!

ረታ፦ ረሃቡ ነው። «ምርመራ» ስትሉኝ የደም መስሎኝ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

ኢዮስያስ፦ ዓይንዎስ ለምን ቀላ?

ረታ፦ እወድቅ ይሆን ስል እንቅልፍ መች ወሰደኝ?

ኢዮስያስ፦ [እየጻፈ] «ዓይን፦ መጠጥ።» በሉ፣ ቅድም የነገርኩዎትን አምስት ቃላት ይድገሙልኝ።

ረታ፦ ድልድይ። ሎሚ። ከበሮ። ጃንጥላ።

ኢዮስያስ፦ አምስተኛው?

ረታ፦ [ሽቅብ ሰረቅ አድርጎ አይቶት] እሱ ይቅርብኝ።

ኢዮስያስ፦ ረሱት!

ረታ፦ አልረሳሁም፤ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።

ኢዮስያስ፦ ቃል ደግሞ ምን ይሉኝታ አለው? ካልተናገሩ ክሬኑን ይርሱት!

ረታ፦ እንግዲያው አንተው ጥራውና «ልክ ነህ» ልበልህ።

ኢዮስያስ፦ [ወረቀቱን ያርቃል፤ ያቀርባል] አምስተኛው... አምስተኛው እንኳ... አይ ይሄ ማተሚያ!

ረታ፦ ማታ ተኝተሃል?

ኢዮስያስ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ ነጋብኝ።

ረታ፦ ቁርስስ?

ኢዮስያስ፦ በየት ጊዜ!

ረታ፦ ስንት ጠርሙስ ነበር ልበልሃ?

ኢዮስያስ፦ ጋሽ ረታ! እኔ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም!

ረታ፦ መነጽር ነው፣ ልጄ። አምስተኛው ቃል መነጽር ነው። ግንባርህ ላይ ሰቅለኸዋል፤ ፊት ለፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነበር። አውርደውና በሬህን ደግመህ እየው።

[ኢዮስያስ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ያወርዳል። ሥዕሉን ያያል። ከዚያ ጠረጴዛውን ማተራመስ ይጀምራል።]

ኢዮስያስ፦ አውራሪስ ነው... ላጲሴን የት አደረግኩት?

ረታ፦ እርሳስህ ጫፍ ላይ።

መጠጥ አእምሮን መጉዳቱ እውነት ነው። ሆኖም ከሱስ የተመለሰ ሰው ፈተና ሲወድቅ፣ ጥፋቱን ሁሉ ለመጠጡ ከመስጠት በፊት እንቅልፉን፣ ሆዱንና ጭንቀቱን፣ ፈታኙንም ጭምር መመርመር ይገባል።