ሰንጋው ሚዜ

ቅቤ ጉልበት ይሰጣል ያላችሁ ሰው ካለ… ውሸታም ነው! ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ለዚያውም በሠርገኛ ፊት፣ በቅሎ ላይ ተቀምጬ የመሰከርኩ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ሆሳዕና ከተማ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩና ከብዕር የከበደ ነገር አንስቼ አላውቅም። ጓደኛዬ ላምቤቦ ከአንጋጫ ሊያገባ ሆነና አንደኛ ሚዜ አደረገኝ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ሙሽራዋን አቅፎ በቅሎ ላይ የሚያወጣት ሚዜው ነው። ሙሽራዋ አስቴር ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ የቤት ምሰሶ የምታህል ናት!

"ብትጥላት ወዮልህ!" አለኝ ላምቤቦ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ታናሽ እህቷ ማርታ ናት። ከሠርጉ ማግስት ሽማግሌ ልልክባት ቆርጫለሁ። እህቷን መሬት ላይ ከጣልኩ ማን ይሰጠኛል?

"እማዬ፣ ጡንቻ አብቅዪልኝ!" አልኳት እናቴን። ከዚያማ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት አታካና፣ ማታ አታካና… የእንሰቱ ቡላ በቅቤና በወተት እየተንተከተከ! ጉልበቴ እንዳይባክን ብዬ በእግር መሄድም ተውኩ፤ ቢሮ እንኳ በጋሪ! የለበስኩት ኮት ሲጠበኝ "ይኸው ጡንቻ!" ብዬ ተደሰትኩ።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዘንድ ለምርመራ ሄድኩ። ክንዴን ጨመቅ ጨመቅ አደረገና፣

"ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሰሞኑን መብላት።"

"እሱማ ያስታውቃል። ስማ ወንድሜ፣ ጡንቻ የሚገነባው ከፕሮቲን ነው። እንዲህ ቅቤ እየዋጥክ ከተጋደምክ፣ ስቡ ሥጋህ መሃል ይገባና ፕሮቲኑን ያሰንፈዋል። ያንተ ሥጋ የሰንጋ ሆኗል፤ ለጥብስ እንጂ ለእርሻ አይሆንም!"

ቀንቶ ነው ብዬ ወጣሁ። እሱ ራሱ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ነው።

የሠርጉ ዕለት አንጋጫ ላይ እልልታው ቀለጠ። ማርታ ከፊት ቆማለች። እጅጌዬን ሰብስቤ ጎንበስ ስል… ቦርጬ አላስጎነብስ አለ! እንደምንም አስቴርን አቀፍኳት። አንድ… ሁለት… እሷ ፍንክች የለም! እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ይላል ማለት ይኸው ነው።

"ወንድሜ፣ ደከመህ እንዴ?" አለችኝ አስቴር በቀስታ።

"ኧረ ገና መጀመሬ ነው…"

"መሽቶብን የለ እንዴ!" አለችና እኔኑ ከመሬት ብድግ አድርጋ በቅሎዋ ላይ ቁጭ! በቅሎዋ ደንግጣ መንገዷን ጀመረች፤ አጃቢውም እየጨፈረ ተከተላት። ሙሽራዋ በእግሯ፣ ሚዜው በበቅሎ! ሙሽራው ደጅ ስንደርስ ዓይናቸው የደከመው የላምቤቦ እናት "ልጄ፣ እንኳን መጣሽልኝ!" ብለው በሙሽራ ወግ አናቴ ላይ ቅቤ ለጠፉልኝ። አሁንም ቅቤ!

ከአጃቢው ጋር የመጣችው ማርታ ሆዷን ይዛ ስቃ ስቃ ሲወጣላት ጠጋ አለችኝ፤ የአታካናዬ ወሬ ደርሷት ኖሯል።

"ቡላ እንዲሁ ከሰማይ የሚወርድ መስሎህ ነው? እኛ ሴቶቹ ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰት እንፍቃለን፤ እናንተ ትበላላችሁ። ታዲያ ጡንቻው ማን ጋ የቀረ መሰለህ?"

አፈርኩ። እንደምንም ብዬ፣ "ታዲያ… ሽማግሌ ልላክ?" አልኳት።

"ላክ" አለችኝ። "ሚዜ ግን አትፈልግ፤ እኔው ተሸክሜህ እሄዳለሁ።"