ለቤዛዊት ፀጉር ያኖርኩት ዝናብ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ጀሪካኖች ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ እኛ ሰዎቹ ውሃ ወረፋ ላይ ተደርድረን አየሁ።

እንዲህ ያለው ሕልም የመጣብኝ ወድጄ አይደለም። ፀጉር ቤት አለኝ። የሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ደግሞ ከጉድጓድ የሚሳብ፣ ኖራ የተበጠበጠበት የሚመስል ውሃ ነው። ሳሙና ቢጨርሱበት አረፋ አይሰጥም፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ ፀጉር ያጠቡበት እንደሆነ ቃጫ ያደርገዋል። አምና የሠራኋት ሙሽራ በሠርጓ ቪዲዮ ላይ የደነገጠች ድመት መስላ ቀርታለች፤ እናቷ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ ለቤዛዊት ሠርግ ብዬ የመስከረምን የመጨረሻ ዝናብ ከአሸንዳው ተቀብዬ አንድ በርሜል አኖርኩ። ሠርጉ ዛሬ ነው። ማታ ክዳኑን ነካ ነካ አድርጌ ተኛሁ። ይቺም ሙሽራ ከተበላሸችብኝ፣ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ሽንኩርት መቸርቸር ነው የሚቀረኝ።

እኛ ሰፈር ሰው ራሱ አይሰለፍም፤ ጀሪካኑን ተራ አስይዞ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። በሕልሜ ግን ቢጫዋ ጀሪካኔ እግሯን አነባብራ፣ «ወይንሸት፣ ተራ ያዢልኝ፤ መጣሁ» አለችኝና እዚያው ሶፋው ላይ ቀረች። ሄጄ ቆምኩ። ከፊቴ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሙላቱ ቆመዋል። አንድ ወፍራም ሮቶ እየተንገዳገደ ሰልፉን ይቆጣጠራል።

«ይሄ ሰውዬ የማን ነው?» አለ ሮቶው።

«የሰማያዊው ባልዲ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ሙላቱ።

«ታዲያ ክዳንህ የታል?»

ጋሽ ሙላቱ ባርኔጣቸውን ቤት ረስተውታል። ክዳን የሌለው አይስተናገድም ተብለው ከሰልፉ ወጡ። አልዋሽም፣ አዘንኩላቸው፤ ግን ወደ ፊት ጠጋ አልኩ።

ተራዬ ሲደርስ ቧንቧው ተከፈተና ወደ ውስጥ ሳበኝ። የወጣሁት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ኃላፊው ማንቆርቆሪያ ነበር። ሆዱ ወደ ውጭ ተገልብጦ ነጩ ቅርፊት ከላይ ስለሆነ ሐኪም መስሏል። «ጥራትሽን ልናይ ነው» አለኝ። ሁለት ሳሙናዎች እጅና እግሬን ይዘው ናጡኝ።

«አረፋ አላት?»

«ለመድኃኒት እንኳ የለም፣ ጌታዬ።»

«ከየት ሰፈር ናት?»

ሰፈሬን ነገርኳቸው። ተያይተው ሳቁ።

«እሱን አትነግሪንም! እዚያማ ሰዉ ሁሉ ደረቅ ነው» አለ ማንቆርቆሪያው። «በሉ አፍሏት፤ ከዚያ አጥልሏት!»

«ኧረ በእናታችሁ! ሙሽራ አለብኝ!»

«ሙሽራማ እኛም አለችን» አለና በሩን ከፈተው። በሩ የገዛ ፀጉር ቤቴ በር ነበር። ወንበሬ ላይ ውሃ ራሷ ቬሎ ለብሳ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«እትዬ ወይኒ፣ ጉድ ሆንኩልሽ» አለች እያለቀሰች። «በዚህ ሰፈር ሰው ብታጠብ ብታጠብ ፀጉሬ ቃጫ ሆነ።»

«ምነው፣ እኛ ምን አደረግን?»

«አትለሰልሱማ! ለመሆኑ ከሰማይ የወረደ ሰው አላኖርሽም?»

አፌ አያርፍም። አማቴ በመጡ ቁጥር፣ «ልጄ እኮ ከሰማይ የወረደ ነው፤ እምቢ ማለት አያውቅም» ይላሉ። እኔም የእሳቸው ቃል ትዝ አለኝና፣ «ባሌ አለ» አልኩ።

ሸዋንግዛው ከበርሜሉ ውስጥ ብቅ አለ፤ ረጥቧል፣ ግን ፈገግ ብሏል። «ምን ችግር አለው፣ ሙሽራ አይደለች?» አለ። ጣሳ አነሳሁና ጨለፍኩት። መጀመሪያ ትከሻው ሄደ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ሳቁ። ባፈሰስኩ ቁጥር የውሃ ፀጉር እየተኛ፣ እያብረቀረቀ መጣ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፀጉር ሠርቼ አላውቅም። ባሌ እያለቀ መሆኑን ያወቅኩት ጣሳው የበርሜሉን ቂጥ ሲፍቅ ነው። ለሃያ ዓመት የጨቀጨቅኩት ሰውዬ እንደዚህ ያሳሳኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ሸዋንግዛው! ትንሽ እንኳ ቅርልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ውሃው ግን ይፈሳል።

በገዛ ጩኸቴ ነቃሁ። ነግቷል። ጎኔን ስዳብስ ባሌ የለም። ውሃው ግን አሁንም ይፈሳል፤ ድምፁ ከግቢ ነው የሚመጣው። በሌሊት ልብሴ ሮጬ ወጣሁ።

ሸዋንግዛው ሙሉ ነው። ትከሻውም ሆዱም አለ፤ ሳቁም አለ። ተመስገን አልኩ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን በርሜሉን እስካይ ድረስ ነበር። በርሜሉ በጎኑ ተጋድሟል። ባሌ በአንድ እጁ ጣሳ፣ በአንድ እጁ ጨርቅ ይዞ የአንድ ነጭ መኪና ኮፈን ይወለውላል።

«ነቃሽ? ነይ እዪው!» አለኝ። «የቤዛዊት ወንድም ነው፤ የሙሽሪትን መኪና እጠብልኝ ብሎ ለመነኝ፣ እንዴት እምቢ ልበለው? በቧንቧ ውሃ እንዳላጥበው ደግሞ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ከዚያ ያንቺ ዝናብ ትዝ አለኝ!»

መኪናው መስተዋት ሆኗል። የቆመው የራሴ ፀጉር እንኳ ጥርት ብሎ ይታይበታል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ የግቢው በር ተንኳኳ።

«እትዬ ወይኒ፣ ደረስኩ! ሹሩባዬን ቤት ፈትቼ መጣሁ፤ መታጠብ ብቻ ነው የቀረኝ» አለች ቤዛዊት ከውጭ።

«ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ክፍት ነው!» አለ ሸዋንግዛው። «ነይ መኪናሽን እዪ!»

ቤዛዊት ገባች፤ መኪናዋን አይታ እልል አለች። እኔ ለጭንቅላቷ ክዳን ፍለጋ ወደ ቤት ተመለስኩ።