ለትምህርት ብቻ የተገዛ ታብሌት

«በቂ» የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሰው ካላችሁ አስተዋውቁኝ። እንግዳ «በቃኝ» ሲል ማንም አያምነውም፤ ሳይበቃው የቀረው ደግሞ «ይበቃኛል» ይላል። ለሚያድግ ልጅ ጫማ ስንገዛ «ትንሽ ሰፋ ይበል» እንላለን፤ እግሩ ጫማውን እስኪሞላ ጫማው ያልቃል። እኔ ሃምሳ ዓመት አልፎኝም የሚበቃውን ከማይበቃው ለይቼ አላውቅም። ልጄ ኦሪት ግን የምታውቅ መስሏት ነበር።

ኦሪት ከግዴታ ውትድርና እንደተሰናበተች ነርስነት ልትማር ኮሌጅ ገባች። ታብሌት ያስፈልጋታል ተባለ። ከሰፈራችን ከቂርያት መናሔም አውቶቡስ ይዘን መሀል ከተማ ሄድን፤ «የኢትዮጵያ መንገድ» ከሚባለው ጎዳና ብዙም የማይርቅ አንድ ሱቅ አለ። በነገራችን ላይ፣ እዚያ ሰፈር ብቅ ባልሁ ቁጥር አንድ ቱሪስት አያጣኝም። ፊቴን አይቶ «የኢትዮጵያ መንገድ የት ነው?» ይለኛል፤ ቤቴ እዚያ ይመስለዋል። እኔም አሳየዋለሁ። ምን ላድርግ፣ አውቀዋለሁ።

ሻጩ ወጣት ሦስት ታብሌት ደረደረልን፤ ስድሳ አራት ጊጋ፣ መቶ ሃያ ስምንት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። በመልክም በክብደትም አንድ ናቸው። ትልቁ ከትንሹ የማይከብድ ጎተራ ያን ቀን አየሁ።

ኦሪት አስባበት ነው የመጣችው። «የመምህራኑ ጽሑፍ ብዙ ቦታ አይይዝም። የሚከብደው በቪዲዮ የምቀዳው ትምህርት ነው፤ እሱንም ፈተናው ሲያልፍ አጠፋዋለሁ። ስድሳ አራቱ ያንሰኛል፤ ግማሹን የራሱ ፕሮግራም ይይዘዋል። መቶ ሃያ ስምንቱ ማስፒክ» አለች። ማስፒክ በዕብራይስጥ «በቂ» ነው።

«ትልቁን ብንወስደውስ?»

«ለምን፣ አባ? ለትምህርት ብቻ እኮ ነው!»

ሻጩም ደገፋት። የተረፈውን የኢንተርኔቱ ደመና ላይ ታስቀምጠዋለች አለኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ደመና ሲዘንብም ሲበተንም አይቻለሁ፤ ዕቃ ሲጠብቅ ግን አላየሁም። ቢሆንም የመቶ ሃያ ስምንቱን ሒሳብ ከፈልሁ። (ያ ደመና ቀድሞውኑ በኦሪት የስልክ ፎቶ ሞልቶ እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው።)

ታብሌቱ ቤት ገባ። መጀመሪያ ከኦሪት በቀር የነካው ማንም አልነበረም። ከዚያ ባለቤቴ አልማዝ የወንድሜን ልጅ ሠርግ «እዚህ ላይ በደንብ ይታያል» ብላ አስጫነች፤ ናታንያ ከተማ የተደረገው ሠርግ፣ ከሙሽራው መምጣት እስከ መጨረሻው እስክስታ፣ ምንም ሳይቆረጥ። እኔም አንድ ሁለት የኳስ ጨዋታ አስቀመጥሁ። አብረውን የሚኖሩት የአልማዝ እናት እምዬ ትርንጎ ደግሞ ስልካቸው ትንሽ ስለሆነ ወንድማቸው አያ አድማሱ ከጎንደር የሚልከው ቪዲዮ ሁሉ ወደ ታብሌቱ ተዛወረ። አያ አድማሱ ወደዚህ አገር የሚገባበትን ተራ ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል፤ እስከዚያው በቪዲዮ ይመጣል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ሁላችን ጌጣችንን አምጥተን አንዲቷ ልጅ ላይ ጫንነው።

ለፈተና የሚዘጋጁበት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደረሰ። ኦሪት ልትቀዳ ብትል ታብሌቱ «ቦታ የለም» አላት። ጓደኛዋ ቀድታላት ኖሮ ልትልክላት ብትሞክር እሱንም አልቀበልም አለ። ኦሪት ቤት የገባችው እንባዋ ዓይኗ ላይ ቀርሮ ነው።

«ፈተናዬ እኮ ሰኞ ነው! ይኸ ሁሉ የማን ነው?»

«ሠርጉን አጥፊው» አልሁ፣ ቆራጥ ሆኜ።

«እኔ እኮ እዚያ ውስጥ እጨፍራለሁ!» አለች አልማዝ። «ኳሱ ይጥፋ።»

«ኳሱማ… የዋንጫ ነው።»

እምዬ ትርንጎ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው፣ «የወንድሜን አጥፊው፣ ልጄ» አሉ። «ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፤ እንዴት ናችሁ፣ ዝናቡ እንዲህ ሆነ።»

ኦሪት ጣቷን ልትጭን ዘርግታ መለሰችው። «ሳብታ፣» አለች አያቷን በዕብራይስጥ፣ «ምንድን ነው የሚለው? በፍጥነት ሲናገር አይገባኝም።» አንዱን ከፈተችው። አያ አድማሱ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይናገራል፤ አያቷ እየተከተሉ ቃሉን በዝግታ ይደግሙላታል።

«የእህቴ የልጅ ልጅ፣ ነርስ ልትሆኚ ነው አሉኝ። ጎሽ! እኔን ጉልበቴ አስቸግሮኛል። እዚህ እርጅና ነው ይሉኛል። አንቺ እስክትጨርሺ እኔም እደርሳለሁ፤ ያኔ ታዪልኛለሽ።»

«መቼ ነው የላከው?»

«በፋሲካ ሰሞን» አሉ እምዬ። ፋሲካ ካለፈ ወራት ሆኖታል። መልስ የሰጠው የለም፤ ለእሷ መሆኑን እንኳ ማን ነገራት?

ኦሪት ታብሌቱን ፊቷ ላይ አቁማ ልትመልስለት የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነች። ታብሌቱ፣ «ቦታ የለም።»

«ሠርጉን አጥፊው» አለች አልማዝ።

እኔም ዋንጫውን አስረከብሁ።

ከዚያ ልጄ በምትችለው አማርኛ ተናገረች። «አያ አድማሱ፣ ሰላም። ጉልበትህ…»

«ጉልበትዎ በይ» አሉ እምዬ።

«ጉልበትዎ… ብዙ አትቁም። ግን ሂድ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ስትመጣ አያለሁ።» እምዬ ትርንጎ የቀረውን ስሕተት አላረሙም፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘው ነበር።

የጓደኛዋም ቅጂ ገባ፤ ፈተናውንም አለፈች። አያ አድማሱ አሁንም ተራውን ይጠብቃል። መልስ ማግኘት ከጀመረ ወዲህ ግን ቪዲዮው ረዝሟል፤ ጉልበቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያሳያታል፣ ጎረቤቶቹም የየራሳቸውን ወገብ ይዘው ብቅ ማለት ጀምረዋል። ታብሌቱ እንደገና ሊሞላ ነው።

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ አስቆመችኝ። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ታብሌት ልትገዛለት ነው። «ስንት ጊጋ ይበቃዋል ትላለህ? ለትምህርት ብቻ ነው» አለችኝ።

ምን እንደሚማር አልጠየቅኋትም።

«አያቱ የሚኖሩት ከእናንተ ጋር ነው?» አልኋት።